የሥራ ልምድ፦ የለም

ቀጣሪ ምን እንደሚፈልግ የጠየቀኝ ሰው መልስ አጥቶ አያውቅም ነበር። ጥርት ያለ ወረቀት ይፈልጋል። ሰፊ ህዳግ ይፈልጋል። ከአንድ ገጽ የማያልፍ፣ አንገቱን የደፋ፣ ከቤት ጉዳይ ነፃ የሆነ ማመልከቻ ይፈልጋል። ይህን የምለው እንዲያው በድፍረት አልነበረም። አሥራ አራት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ የሰው ማመልከቻ ሲገባና ሲወጣ ሳይ ኖሬያለሁ። ለተፈቀደለትም ላልተፈቀደለትም መልሱ የተጻፈው በእኔ ጣት ነው። እና አውቃለሁ ብል ይፈረድብኛል?

በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ መሥሪያ ቤታችን ታጥፎ ከሌላ ጋር ሲቀላቀል «ትርፍ ሠራተኛ» ከተባሉት አንዷ ሆንኩ። ትርፍ መባል ለገንዘብ እንጂ ለሰው ደስ አይልም። ሦስት ቀን አለቀስኩ። በአራተኛው ቀን ዓይኔን ታጥቤ ወጣሁና፣ መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ከሸጣቸው አሮጌ ዕቃዎች መካከል የራሴን የጽሕፈት መኪና ገዛሁ። በላይኛው ከተማ፣ ሴቻ ላይ፣ ከመንግሥት ቢሮዎቹ ፊት ለፊት፣ አንድ ባለሱቅ በረንዳውን ሰጠኝ። መኪናዋ አንድ ጉድለት ነበረባት፤ «መ» ፊደሏ ከመስመሩ ከፍ ብላ ነው የምታርፈው። ሁለታችንም ከአንድ ቤት የተባረርን ስለሆንን አልተናናቅንም።

ጊዜው የማመልከቻ ጊዜ ነበር። ቀድሞ ከኮሌጅ የወጣ ልጅ ማመልከቻ መጻፍ አያስፈልገውም፤ መንግሥት ራሱ መድቦት፣ ደረሰህ የተባለበት አገር ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይሄዳል። ምደባው ሲቀር ልጆቹ ዲፕሎማና ዲግሪያቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ከአንዱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ ሌላው መዞር ጀመሩ። ገንዘብ ያለው ከታችኛው ከተማ ከሲቀላ በሚኒባስ፣ የሌለው ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነው በረንዳዬ የሚደርሰው። ውሃ እሰጣቸዋለሁ፣ አረፍ በሉ እላቸዋለሁ፣ ትንፋሻቸው ሲመለስ እቆጣቸዋለሁ።

የምቆጣው በእጃቸው ጽፈው በሚያመጡት ነገር ነው። አንዱ ማመልከቻውን በአባቱ ሞት ይጀምራል። ሌላው ስድስት ታናናሾቹን እንዴት እንዳሳደገ ይተርካል። ከሙዝ አብቃዩ ቀበሌ ከላንቴ የመጣ አንድ ልጅ፣ የግብርና ምሩቅ፣ በየክረምቱ ለነጋዴ መኪና ሙዝ ሲያስጭን የገጠመውን ሁሉ ሁለት ገጽ ሙሉ ዘርዝሮ መጣ።

«ሙዝ ማን ጠየቀህ?» አልኩት። «የጠየቁህ ዲግሪህን ነው።»

«የሠራሁት እሱን ነዋ፣ እትዬ።»

«ይኼ ሥራ አይባልም። አውጣው።»

ልጁ ሳቀና ወረቀቱን አጠፈው። «ግድ የለም፣ በእጄ እጽፈዋለሁ» ብሎኝ ሄደ። ታዘብኩት። ምክር የማይሰማ ልጅ ብዬ ለባለሱቁ አማሁት።

የእኔን ማመልከቻ በቃሌ ነበር የማውቀው። «ጉዳዩ፦ ሥራ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ» ይላል። ከዚያ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደሞከርኩት» ይቀጥላል፤ ምንም እንኳ በርዕሱ ያልተገለጸ ነገር ባይኖርም። ከዚያ አመልካቹ «ታዛዥ፣ ታታሪና ቅን አገልጋይ» መሆኑ ይነገራል። ስምና የትምህርት ዓይነት ብቻ እየቀያየርኩ ለስንት ልጅ እንደመታሁት እግዜር ይወቀው። ልጆቹም ወደውት ነበር። ወረቀቱ ሲወጣ ራሳቸውን የማያውቁት ትልቅ ሰው ሆነው ያገኙታል።

የበልግ ዝናብ በጀመረ ሰሞን አንዲት ልጅ መጣች። ከደጋ እንደወረደች ሹራቧን አላወለቀችም፤ ግንባሯ በላብ ርሷል። ዲፕሎማ ከያዘች አንድ ዓመት አልፏታል፣ ሥራ ግን አላገኘችም። አንድ አዲስ የተራድኦ ፕሮጀክት በደጋው ገበያዎች የሚነግዱ ሴቶችን የምታደራጅ አንዲት ሠራተኛ እንደሚፈልግ ሰሌዳው ላይ አንብባለች። «እትዬ፣ ይኼን በታይፕ ይምቱልኝ» አለችና ከደብተር የተቀደደ ሁለት ገጽ ሰጠችኝ።

አነበብኩት። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ከእናቷ ጋር ሸክላ ተሸክማ ገበያ እንደወጣች፣ የትኛው ገበያ በየትኛው ቀን እንደሚውል፣ ምን ምን እንደሚሸጥበት፣ ማን ከማን እንደሚገዛ፣ እናቷና የእናቷ ጓደኞች ቦታ ከሚመድቡት የገበያው ዳኞች ጋር ሲጣሉ እሷ ምን እንዳደረገች ጽፋለች። እውነቴን ነው፣ ደስ የሚል ጽሑፍ ነበር። እኔ ግን እያነበብኩ ፈራሁላት።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። በደጋው ሸክላ የሚሠራ ሰውና መሬት የሚያርስ ሰው አይጋቡም፤ ባንድ ማዕድም አይቀርቡም። ድስቷን ይገዟታል፣ እሷን ግን ከደጃፍ አያሳልፏትም። እኛም የሰሜን ሰዎች ከዚህ አንሻልም፤ አባቴ ለአስተማሪነት ተመድቦ ሲመጣ እኛን ይዞ በወጣበት አገር ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው የሚባለው። ልጅ ሆኜ ከሸክላ ሠሪዋ ቤት ፊት ለፊት ሳልፍ ሮጬ ነበር የማልፈው።

«ይኼን ማን ጻፊ አለሽ?» አልኳት።

«ማንም። ማስታወቂያው ልምድ ያላት ይመረጣል ይላል።»

«ልምድ ማለት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ የተጻፈለት ነው። ድስት መሸከም ልምድ አይባልም።»

«መሸከም ብቻ እኮ አይደለም፣ እትዬ…»

«ስሚኝ የኔ ልጅ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «እዚያ ኮሚቴ ላይ የደጋ ሽማግሌ መቀመጡ አይቀርም። ይኼን ካነበበ ዲፕሎማሽን ገልጦ አያይልሽም። ለአንቺው ብዬ ነው።»

እርሳሴን አንስቼ ከላይ ወደ ታች ሰረዝኩ። የእናቷን ስም ሰረዝኩ፣ ገበያዎቹን ሰረዝኩ፣ ጠቡን ሰረዝኩ። ከሁለት ገጽ የቀረው ስሟ፣ ኮሌጇና የተመረቀችበት ዓመት ነው። የቀረውን ከራሴ ጨመርኩበትና መታሁት። ከሥር «የሥራ ልምድ፦ የለም» ብዬ ስጽፍ ትከሻዬ ላይ አጎንብሳ ታይ ነበር።

«ባዶውን ቢተውስ?» አለችኝ።

«ባዶ ቦታ ጥያቄ ያስነሳል። ለቃለ መጠይቅ ከጠሩሽም ቤተሰቦችሽ ምን እንደሚሠሩ ሲጠይቁሽ ገበሬ ናቸው በይ። ገበሬ ያልሆነ የለም፣ ማንም አይመረምርሽም።»

ክፍያ አልተቀበልኳትም። እንደዚያ ቀን ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ አያውቅም። ልጅቷ ፈረመችበት፣ አመሰገነችኝ፣ የእጅ ጽሑፏን አራት ቦታ አጥፋ ሹራቧ ውስጥ ከተተችው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያው ፕሮጀክት መልእክተኛ ላከብኝ። ቢሮው አዲስ ስለሆነ ጸሐፊ አልቀጠረም፤ ቅጥሩ እስኪያልቅ መኪናዬን ይዤ እንድሠራላቸው፣ ቃለ ጉባኤም እንድይዝ ጠየቁኝ። ሄድኩ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሥራ አስኪያጁ ጫማው ጭቃ የማይለቀው፣ ብዙ የማይናገር የአዲስ አበባ ሰው ነው። ሁለተኛው እንደፈራሁት የደጋ ሽማግሌ ናቸው፤ ፀጉራቸው የነጣ፣ ነጠላቸውን በወግ የሚያጣፉ፣ ባለርስት ከሚባል ቤት የተወለዱ። ሦስተኛው ሒሳብ ሹሙ ነበር፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቃል ስላልተነፈሰ እዚህም አላስቸግረውም።

ሥራ አስኪያጁ ማመልከቻዎቹን ጠረጴዛው ላይ ከመራቸው። አንዱን አነበበ። ሌላውን አነሳ። ሦስተኛውን አነሳና ተመልሶ የመጀመሪያውን አየ።

«ታዛዥ፣ ታታሪና ቅን አገልጋይ» አለ። «ይኼም ታዛዥ፣ ታታሪና ቅን አገልጋይ። ይኼም።»

«አገሩ በቅን ሰው ተሞልቷል በለኛ» አሉ ሽማግሌው።

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። ከዚያ ጠዋት የመታሁለትን የስብሰባ አጀንዳ ከክምሩ አጠገብ አስቀመጠና ዓይኑን አጠበበ። ያቺ «መ» አጋለጠችኝ። ከአጀንዳው ወደ ማመልከቻዎቹ፣ ከማመልከቻዎቹ ወደ እኔ አየ።

«እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለእኔ ዓይነቷ ነው። መሬቱ ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድኩ።

«አይደንግጡ፣ ልቆጣ አይደለም። ልጆቹ ሲመጡ እንዲህ ብለው ነበር የሚነግሩዎት?»

«ኧረ እነሱስ ብዙ ነው የሚያወሩት። እኔ ነኝ የማሳጥርላቸው።»

«ምን ምኑን ያወጡታል?»

«የማያስፈልገውን ነዋ። ሙዝ አስጫንኩ የሚለውን፣ ወንድሞቼን አሳደግኩ የሚለውን፣ ገበያ…» እዚህ ላይ አፌን ያዝኩ።

ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን አስቀመጠ። «እኔ እኮ የምፈልገው እሱን ነበር» አለ፣ ያለ ምንም ቁጣ። «የተማረችውን ዲፕሎማው ይነግረኛል። የማላውቀው ምን ሠርታ እንደምታውቅ፣ ከሰው ጋር ስትጣላ እንዴት እንደምትስማማ፣ ዝናብ ሲመታት ትመለስ ወይ ትቀጥል እንደሆነ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ነው ያረፈድኩት።»

ከክምሩ ውስጥ በእጅ የተጻፈች፣ ቀለም የፈሰሰባት አንዲት ማመልከቻ አወጣ። የላንቴው ልጅ ነው። የሙዙ መኪና ምዕራብ ዓባያ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሙዙ መብሰል ሲጀምር፣ የመንደሩን ሴቶች ሰብስቦ እዚያው እንዴት እንዳሻሻጠው ጮክ ብሎ አነበበልን። ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ለዚህ ሥራ ሴት ነው የፈለግነው እንጂ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ «ይኼን ልጅ ግን ለሌላ መሥሪያ ቤት አልለቀውም»፤ ለብቻው አስቀመጠው። ሥራ አይባልም ብዬ ያባረርኩት ልጅ ከሁሉም በፊት ተመረጠ።

ቀጥሎ ያነሳው የእሷን ነበር። አየሁት። «የሥራ ልምድ የለም» ብሎ ወደሚጣሉት ወረወረው።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ለመናገር ደግሞ ሽማግሌው ፊቴ ተቀምጠዋል፤ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት ብዬ እኔው አውጥቼ ላበላሽባት ነው? ዝም ብል ደግሞ ወረቀቷ ከወደቀበት አይነሳም። ያዳኗት እሳቸው ሽማግሌው ናቸው። «የአባቷ ስም የኛ አገር ነው፤ ቋንቋውን ትችላለች። ትምጣና እንያት» ብለው ወረቀቱን መለሱት። ለቃለ መጠይቅ ከተጠሩት አራት ሴቶች አራተኛ ሆነች።

ቃለ መጠይቁ እስኪደርስ እንቅልፍ አልነበረኝም። ከመግባቷ በፊት አግኝቼ «ያልኩሽን ሁሉ እርሺው፣ እንደጻፍሽው ተናገሪ» ልላት ቆረጥኩ። በቀኑ ማለዳ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ከደጋ የሚወርደው መንገድ በዝናብ ተበላሽቶ መኪናው ሳይመጣ ቀረ። ሦስቱ ገብተው ወጡ። ስሟ ሲጠራ በሩ ላይ ደረሰች፤ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ነው፣ ግማሹን መንገድ በእግሯ መጥታለች። «ቆይ አንዴ» ስል ሥራ አስኪያጁ ከውስጥ «ግቡ» አለ። ገባን፤ እሷ ወንበር ላይ፣ እኔ ማስታወሻዬ ላይ።

«የሥራ ልምድ የለሽም?» ብሎ ጀመረ።

አየችኝ። «የለኝም» አለች።

«የደጋውን ገበያዎች ታውቂያቸዋለሽ?»

«እንደማንኛውም ሰው።»

«እናትና አባትሽ ምን ይሠራሉ?»

እንደገና አየችኝ፣ ልጅ የተማረችውን በትክክል ደግማ እንደሆነ አስተማሪዋን እንደምታይ። «ገበሬ ናቸው» አለች።

ብዕሬ ቆመ። ያን መልስ በእጄ መጻፍ አቃተኝ። ቃለ ጉባኤ ያዥ አፍ የለውም፣ አሥራ አራት ዓመት ያንን አውቃለሁ፤ ግን ሳላስበው ተነሳሁ።

«ይቅርታ ጌታዬ፤ ይቺ ልጅ ልምድ አላት። ጽፋው ነበር፣ እኔ ነኝ የሰረዝኩባት።»

«ምን ልምድ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ሽማግሌውን አየኋቸው። ልጅቷ ፊቷ ተለዋወጠ። መጀመሪያ ደብቂ አልኳት፤ አሁን ደግሞ ሳልጠይቃት በማታውቃቸው ሰዎች ፊት ልገልጣት ነው። እንዲህ ዓይነት ቁጣ በሰው ዓይን ላይ አይቼ አላውቅም፤ ልክ ነበረች።

«ይተዉት፣ እትዬ። እኔ እናገራለሁ» አለች።

ሹራቧን አስተካከለች። አማርኛዋ ደህና ነው፣ ስትቸኩል ግን ወንዱንና ሴቱን ትቀላቅላለች። «እናቴ ሸክላ ሠሪ ነው» አለች። «አያቴም ሸክላ ሠሪ ነው። እኔም ገበያውን የማውቀው በድስት ነው።»

ሽማግሌው ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ።

«ሸክላ ሠሪዎቹን የት ነው የሚያስቀምጧችሁ?» አሏት።

«ከከብት ተራ በታች፣ ጎርፍ የሚወርድበት።»

«ለምን?»

ዓይናቸውን እያየች ነው የመለሰችው። «እሱን እርስዎ ያውቁታል፣ አባባ።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አውቃለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ቀጥይ።»

ቀጠለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለች በአንድ የዝናብ ቀን ጎርፉ የእናቷን ሸክላ ሁሉ ይዞት ይሄዳል። የአሥራ አንድ ሴት ሸክላ በአንድ ገበያ ተሰባበረ። ሴቶቹ ሌላ ቦታ ይሰጠን ብለው ሲጠይቁ የገበያው ዳኞች ሳቁባቸው። እሷ ትምህርት ቤት ቀርታ ከቤት ቤት ዞረች። ቦታ እስኪሰጠን አንዳችንም ድስት ገበያ አናወጣም ብለው እንዲማማሉ አደረገች። አንዷ ልጆቿ ተርበው ልትወጣ ስትል፣ ሌሎቹ ከየቤታቸው ቆጮ አዋጥተው እንዲሰጧት ያደረገችው እሷ ናት። በመጀመሪያው ገበያ ማንም ልብ አላለም። በሁለተኛው ሰዎች መጠየቅ ጀመሩ። በሦስተኛው የዳኞቹ ሚስቶች ራሳቸው በባሎቻቸው ላይ ተነሱ። ከዚያ ከጎርፉ ከፍ ያለ ቦታ ተሰጣቸው፤ ዛሬም እዚያው ናቸው።

ሽማግሌው ሳቅ አመለጣቸው። «ያን ሰሞን የኛም ቤት ድስት ተሰብሮ ነበር» አሉ። «ሚስቴ ሰላም ነሥታኝ ነበር። ይቺ ናት ለካ!»

ሥራ አስኪያጁ ሌላ ጥያቄ አልነበረውም። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩና «ጻፊ እንጂ» አሉኝ። ጻፍኩ። ያመለጠኝን ለመድረስ ስቸኩል ፊደሎቹ ከዚያች «መ» የባሱ ሆኑ።

ልጅቷ ከወጣች በኋላ ሥራ አስኪያጁ የገበሬ ሚስቶች የሸክላ ሠሪ ልጅ ብትሰበስባቸው ይቀመጡላት እንደሆነ ሽማግሌውን ጠየቃቸው። «መጀመሪያ አይቀመጡም» አሉ፣ ሳይሸፋፍኑ። «ዋሽቼ አልነግርህም። እየቆየ ግን ይለምዷታል። ከዚህች የተሻለ አደራጅ ከየት ታመጣለህ?» ሦስቱም ፈረሙ። ሽማግሌው ያኔ ለሥራው መረጧት እንጂ እቤታቸው ጠርተዋት እንደሆን አላውቅም፤ አይመስለኝምም። ሰው ባንድ ቀን አይለወጥም፤ እኔም አልተለወጥኩም።

የተለወጠው ሥራዬ ነው። ያን በቃሌ የያዝኩትን ማመልከቻ ተውኩት። ምሩቅ ሲመጣ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ጥያቄ ሆነ። ኮሌጅ ከመግባትህ በፊት ምን ትሠራ ነበር? ማን አዘዘህ? ሲበላሽስ ምን አደረግክ? ልጆቹ ያፍራሉ፣ ይሽኮረመማሉ፣ «እሱ እኮ ሥራ አይደለም፣ እትዬ» ይሉኛል። እንዲያ ሲሉኝ የእኔን ድምፅ መልሼ የምሰማ ይመስለኛል።

አራት ወር ያህል ቆይታ ልጅቷ በረንዳዬ መጣች። በዚህ መካከል ሁለት ሦስቴ መንገድ ላይ ተላልፈናል፤ ሰላም ትለኛለች፣ አትቆምም። ያን ቀን የቢሯቸው ጸሐፊ ታማባት ኖሮ ሪፖርቷን በታይፕ እንድመታላት ይዛ መጣች። ሹራብ የለም፣ ቆላውን ለምዳዋለች። ተቀመጪ አልኳት፣ ተቀመጠች። ወረቀቱን ሳላስገባ «ይቅር በይኝ» አልኳት።

«እኔማ ሥራውን አገኘሁ፣ እትዬ» አለች። «በእኔ አይጨነቁ።»

ሪፖርቱን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«እናቴ ፊደል አታውቅም» አለች። «መጀመሪያ የጻፍኩትን ሁለት ገጽ ከመምጣቴ በፊት አንብቤላት ነበር። በየመስመሩ ‹እሱስ እውነት ነው› እያለች ትስቅ ነበር። እርስዎ የመቱትንም ከማስገባቴ በፊት ወስጄ አነበብኩላት። ስጨርስ ‹አለቀ?› አለችኝ። አለቀ አልኳት። ‹እኔ የቱ ጋ ነኝ?› አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«የለሽበትም አልኳት። ከዚያ ጭቃዋን ማሸቷን ቀጠለችና ‹ደግ አድርጋለች› አለች። ‹አዋቂ ሴት ናት። እኔ ካለሁበት ማን ያነበዋል?›»

እኔ አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም። ሪፖርቱን ለነገ ጠዋት ትፈልገው ነበር።